«ያው ቴክስት ነው» አትበሉኝ

አንድ ሰው «ፋይሉን ላክልኝ፣ ያው ቴክስት ነው» ሲለኝ እስከ ዛሬ ሆዴ ይረበሻል። እንዲህ የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅን ሰው ነው፤ ነገሩን ሊያቀልልኝ ፈልጎ ነው። ግን ይህች «ያው» የምትባል ቃል አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው ከእርዳታ ዝርዝር ውስጥ ስታጠፋ፣ አንድ ምስኪን ወጣት ደግሞ በማጭበርበር ስታስጠረጥር በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዎቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ፤ በገዛ ጣቴ፣ በገዛ ላፕቶፔ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ክስ ነው፤ የመጀመሪያው ተከሳሽም ራሴ ነኝ።

ጉዳዩ ስለ መስመር መጨረሻ ነው። አዎ፣ ኢንተር ስትጫኑ ፋይሉ ውስጥ ስለሚገባው የማይታይ ምልክት። «ለዚህች ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

*

ዱብሉቅ ከያቤሎ ወደ ሜጋና ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የቦረና ከተማ ናት። የከብት ገበያዋ ይታወቃል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ኤላዋ። ቦረና ዘጠኙ ቱላ ከሚላቸው ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አንዱ እዚያ ነው። እኔ የሄድኩት በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነበር። ገና እና ሐገያ የሚባሉት ሁለቱ የዝናብ ወቅቶች እየተፈራረቁ ለአምስተኛ ጊዜ የከዱበት ጊዜ ነው። መንገዱ ዳር የከብት ሬሳ ማየት ብርቅ አልነበረም። ከብታቸው ያለቀባቸው ሰዎች ከየቀበሌው እየመጡ ከከተማዋ ዳር በጨርቅና በላስቲክ ጎጆ ሰፍረው ነበር።

የተቀጠርኩት በአንድ ድርጅት ውስጥ ዳታ እንድሠራ ነው። የድርጅቱ ስም ይቅር፣ ምንም አይጨምርም። ሥራዬ ቀላል ይመስላል፦ ሁለት ዝርዝር አለ። አንዱ ሰርቨር ላይ ያለው ዋናው መዝገብ፤ ቀደም ብሎ በታብሌት ቤት ለቤት የተመዘገበ። ሌላው ቀበሌዎቹ አሁን ያመጡት የአባወራና የእማወራ ስም። ሁለቱ ላይ ያለ ሰው እህል ይወስዳል። በቀበሌው ዝርዝር ኖሮ በመዝገቡ ላይ የሌለ ሰው «ይጣራ» ተብሎ ይቆያል።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሊኑክስ ላይ የለመድኳቸውን መሣሪያዎች ግን አልተውኳቸውም። ግሬፕ፣ ሴድ፣ ኦክ፣ ሶርት፤ ሁሉም ለዊንዶውስ ፖርት ተደርገው አሉ። ከጊት ጋር ይመጣሉ፣ አውርዶ መጫን ብቻ ነው። እኔም ኩራት ነበረኝ። ሌላው ሰው ኤክሴል ላይ በዓይኑ እያነጻጸረ ሲደክም፣ እኔ በአንድ መስመር ትእዛዝ እጨርሰዋለሁ። «በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ መስመሩ የማይገኘውን ስም ብቻ አውጣልኝ» ብዬ ግሬፕን አዘዝኩ፤ የሚወጣው ስም ፊት ለፊቱ «የለም» የሚል ቃል እንዲጨመርለት ደግሞ ለኦክ አስተላለፍኩ። ሦስት ቀበሌ በደቂቃ ውስጥ አለቀ። ከየቀበሌው ጥቂት ስም ወጣ፤ የሚጠበቅ ነው።

አራተኛው ቀበሌ ላይ ግን ሁሉም ሰው የለም ሆነ። ከመጨረሻዋ ሴት በስተቀር፣ ሁሉም።

ያ ቀበሌ ከሌሎቹ በምን ይለያል? ኔትወርክ ስላልነበረ ታብሌቱ አልሠራም። ስለዚህ የቀበሌው ጸሐፊ ስሞቹን ከወረቀት ላይ እያነበበ ኖትፓድ ላይ ጻፋቸው፤ በአንድ መስመር አንድ ስም። ሁለት ሌሊት ፈጅቶበታል። ፍላሹን ይዞ በሞተር መጣ። ዕድሜው ከኔ የሚያንስ ልጅ ነው፤ ስሙን አልጽፍም።

አለቃዬ ውጤቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ዝርዝር የተፈበረከ ነው» አለ። አስቡት፤ ከመቶዎች ውስጥ አንድ ሰው ብቻ መዝገብ ላይ ተገኘ። ማን አይጠረጥርም? ልጁን ጠራነው። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ከፍቶ በጣቱ አሳየኝ። «ይኸው ስሙ፣ እዚህም አለ፣ እዚህም አለ! አንድ ፊደል አይለይም!» አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? ልንገራችሁ፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚህ ነውና።

«ኮምፒውተሩ የለም ይላል» አልኩት።

በዓይኑ የሚያየውን ሰው፣ በዓይኔ የማየውን እኔን፣ ሁለታችንንም ኮምፒውተሩ ረታን። የዚያ ቀበሌ ሰዎች በማግስቱ ሲመጡ «ዝርዝራችሁ ይጣራል፣ ተመለሱ» ተባሉ። ከሰዓታት መንገድ በኋላ የደረሱ አሮጊቶች ነበሩበት። አንዷ ልጁን በኦሮምኛ ስታናግረው ሰማሁ፤ ስሟ የት እንደሄደ ነበር የምትጠይቀው። እሱም ወደ እኔ አየ።

*

ማታ ላይ ነው የገባኝ። ተርሚናሉ ላይ የወጡትን መስመሮች ቀኑን ሙሉ ሳያቸው አንድ ነገር ልክ አልነበረም። «የለም» የሚለው ቃል ከስሙ ቀጥሎ መምጣት ሲገባው፣ ስሙ ላይ ተደርቦ መጀመሪያውን ውጦታል። የሚታየው «የለም»፣ ከዚያ የአባትየው ስም ጅራት። የፎንት ችግር መስሎኝ ንቄው ነበር።

የፎንት ችግር አልነበረም። በእያንዳንዱ ስም መጨረሻ ላይ አንድ የማይታይ ምልክት ነበር፤ በኮምፒውተር ቁጥር 13፣ በስሙ ካሬጅ ሪተርን። ትርጉሙ «ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ» ማለት ነው። ተርሚናሉ የታዘዘውን ነው ያደረገው፦ ስሙን ጻፈ፣ ወደ መጀመሪያ ተመለሰ፣ «የለም»ን እስሙ ላይ ጻፈበት። ግሬፕም የታዘዘውን አደረገ። መዝገቡ ላይ ያለው ስም በስሙ ያበቃል፤ የልጁ ፋይል ላይ ያለው በስሙና በ13 ያበቃል። ሙሉ መስመሩ እኩል አይደለም፣ ስለዚህ የለም። የመጨረሻዋ ሴት ለምን ተገኘች? ልጁ የመጨረሻውን ስም ጽፎ ኢንተር ስላልተጫነ። በቃ። እሷ የዳነችው ልጁ ስለደከመው ነው።

13ን በአንድ ትእዛዝ አጥፍቼ ሥራውን ደገምኩት። የቀሩት የለሞች ጥቂት ሆኑ፤ እነሱም አንዱ ፊደል ጠብቆ አንዱ ላልቶ የተጻፉ፣ ወይም በቁቤ ሁደ የሚባለው ጭረት አንዱ ጋ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጋ የተጠማዘዘ የሆነባቸው ስሞች ናቸው። ሰው የሚያውቀው ዓይነት ስህተት።

በማግስቱ ልጁን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። ፋይሉን ከፍቼ የማይታየውን ምልክት አሳየሁት። ዝም ብሎ አየውና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

*

መልሱን ለመስጠት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች የጽሕፈት መኪና አስታውሱ። መስመሩ ሲያልቅ ጎኑ ላይ ያለውን ዘንግ ይገፉታል። ያ ዘንግ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ወረቀቱን አንድ መስመር ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ወረቀቱን የተሸከመውን ክፍል ደግሞ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። በርቀት ለሚታዘዘው የጽሕፈት መኪና፣ ለቴሌታይፕ፣ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ሆኑ። 13 መልስ፣ 10 ደግሞ ወረቀቱን አንሣ፤ እሱ ላይን ፊድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የአስኪ ስታንዳርድ ሁለቱንም ያዛቸው። በ1960ዎቹ በጣም ተስፋፍቶ የነበረው ሞዴል 33 ቴሌታይፕ በሰከንድ 10 ምልክት ይጽፍ ነበር፤ ከቀኝ ጫፍ ወደ ግራ ለመመለስ ግን ከአንድ ምልክት ጊዜ በላይ ይፈጅበታል። ሁለት ምልክት መላኩ ለማሽኑ ትንፋሽ መግዣም ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተለያየ። መልቲክስን የሠሩት፣ ቀጥሎም ዩኒክስን የሠሩት ሰዎች «ፋይል ውስጥ አንድ ምልክት ይበቃል፣ ለማሽኑ የሚያስፈልገውን ማተሚያውን የሚያዘው ፕሮግራም ይጨምርለት» አሉ፤ 10ን ብቻ ያዙ። ሲፒኤም የሚባለው ሥርዓት ግን ሁለቱንም እንዳሉ ፋይል ውስጥ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኤምኤስ ዶስ ከሲፒኤም ወረሰ፣ ዊንዶውስ ከዶስ ወረሰ። አፕል ደግሞ በድሮው ማክ 13ን ብቻ መረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አዲሱ ሥርዓቱ ወደ 10 ዞረ። ሦስት ቤት፣ ሦስት ሕግ። ሁሉም ፋይላቸውን ግን «ቴክስት» ብለው ጠሩት።

እስከዚህ ድረስ ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ሁለት ምልክት መጠቀም ወንጀል አይደለም፤ አንድ መጠቀምም ጽድቅ አይደለም። እዚህ ላይ ለሊኑክስ ወዳጆቼ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ይህን ታሪክ በነገርኳቸው ቁጥር የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነው፦ «ሊኑክስ አትጭንም ነበር?»

አልጭንም ነበር። ላፕቶፑ የኔ አይደለም፤ የድርጅቱ ነው፣ ያውም በእርዳታ የመጣ። ፕሪንተሩ የሚሠራው በእሱ ነው፣ አለቃዬ የሚቀበለው ኤክሴል ነው፣ ያ ልጅ የሚያውቀው ኖትፓድ ነው። ኖትፓድ ደግሞ 10 ብቻ ያለበትን ፋይል በትክክል ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት ሙሉ ፋይሉን አንድ ረጅም መስመር አድርጎ ይዘረጋው ነበር። ደግሞስ ሁለቱ ምልክት «የዊንዶውስ በሽታ» ነው ያለው ማነው? ድረ ገጽ በኤችቲቲፒ 1.1 ሲመጣ ከፊቱ የሚቀድመው መልእክት እያንዳንዱ መስመሩ በ13 እና በ10 ነው የሚያልቀው። የምትልኩት ኢሜይልም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጻፈው የሲኤስቪ ሰነድም ሁለቱን ነው የሚለው። ሊኑክስ ሰርቨራችሁ ቀኑን ሙሉ በዚሁ «በሽታ» ሲያወራ ይውላል። ልዩነቱ እዚያ ውሉ ተጽፏል፤ ሁለቱም ወገን ያውቀዋል። እኔ ጋ የጎደለው ሊኑክስ አይደለም፣ ውሉ ነው።

*

አሁን ወደ ክሱ እንግባ። ግሬፕን፣ ሴድን፣ ኦክን የወለደ ቤት አለ። በዚያ ቤት «መስመር» ማለት በ10 የሚያልቅ ነገር ነው፤ ይህ ለመሣሪያዎቹ እንደ አየር ነው፣ ማንም አይጠቅሰውም። አንድ ቀን ሰዎች እነዚህን መሣሪያዎች ወደ ዊንዶውስ አመጧቸው። ሥራቸው ትልቅ ነው፣ ብዙው በነፃ ነው፣ አመሰግናቸዋለሁ። ግን መሣሪያውን ሲያመጡ አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረባቸው፦ በዚህ አገር መስመር የሚያልቀው በምንድን ነው?

ምን አደረጉ? እያንዳንዱ የየራሱን መለሰ፤ አብዛኛውም ለተጠቃሚው ሳይናገር። በሲ ቋንቋ ፋይል በሁለት ዓይነት ይከፈታል። በ«ቴክስት» ከተከፈተ ዊንዶውስ ላይ ሲነበብ 13ቱ ይጣላል፣ ሲጻፍ ይጨመራል። በ«ባይነሪ» ከተከፈተ ምንም አይነካም። አንዱ ፖርት አንዱን መረጠ፣ ሌላው ሌላውን። የሴድን መመሪያ ያነበበ ሰው ሊኑክስ ላይ ምንም የማይሠራ፣ ዊንዶውስ ላይ ግን ሁሉን የሚለውጥ «ባይነሪ» የሚባል አማራጭ ያገኛል። ግሬፕ ደግሞ ለረጅም ዘመን ዊንዶውስ ላይ ፋይሉ ቴክስት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ይገምት ነበር፤ ቴክስት ከመሰለው 13ቱን አውልቆ ይፈልግ ነበር። ይገምት ነበር! ይሄ ቃል የተወሰደው ከምኞቴ ሳይሆን ከመሣሪያው አሠራር ነው። ከሁሉ የሚገርመው ሲግዊን ነው። ሲግዊን የዩኒክስን ዓለም ዊንዶውስ ላይ የሚዘረጋ ትልቅ ሥራ ነው፤ እሱም ለዓመታት በሴድ፣ በግሬፕና በኦክ 13ቱን ያወልቅ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ሐሳቡን ለወጠ። ለመለወጥ ምክንያት ነበረው፣ ምክንያቱም ጥሩ ነው። ግን ትናንት ይሠራ የነበረ ስክሪፕት ዛሬ በዚያው ፋይል ላይ፣ በዚያው ትእዛዝ፣ ሌላ መልስ ይሰጣል።

ክሴ ይኸው ነው፦ ስሙ አንድ፣ ትእዛዙ አንድ፣ መመሪያው አንድ፣ ባህሪው ግን እንደ ፖርቱ። ልዩነቱንም መሣሪያው በአፉ አይነግርህም። ስህተት ቢሆን ኖሮ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። እኔ ጋ ምንም ቀይ አልወጣም። «የለም» የሚል ሙሉ ልብ ያለው፣ ንጹሕ፣ ሊታተም የሚችል መልስ ነው የወጣው።

ታዲያ «መሣሪያው ሁሌ 13ቱን ያውልቅ፣ ይለቅ» የሚል ይኖራል። አይሆንም። ፎቶ ወይም ዚፕ ፋይል ውስጥ ያለ 13 የመስመር መጨረሻ ሳይሆን ዳታ ነው፤ አውልቀኸው ስታበቃ ፋይሉ ሞቷል። የዶስ ዘመን ቅርስ የሆነ ሌላም አለ፦ በቴክስት የተከፈተ ፋይል ውስጥ ቁጥር 26 ከተገኘ «ፋይሉ አለቀ» ተብሎ ንባቡ እዚያው ይቆማል። ሲፒኤም የፋይልን ርዝመት በ128 ባይት ቁራጭ ብቻ ስለሚቆጥር ትክክለኛውን መጨረሻ ለማመልከት የገባ ዘዴ ነው። ማሽኑ የለም፣ ዘዴው ቀረ። ዝም ብሎ ማስተካከል ዝም ብሎ ከማበላሸት የሚለየው በዕድል ብቻ ነው። የምጠይቀው እንዲያስተካክል ሳይሆን እንዲናገር ነው። «የሰጠኸኝ ፋይል መስመሮቹ ሁሉ በ13 ያልቃሉ፣ ሌላኛው ግን አይደለም፤ እርግጠኛ ነህ?» ይህን ብቻ። አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ። አንዲት ቃል ከዚያ ልጅ ላይ ያን ቀን ታነሣለት ነበር።

*

«አንድ ትእዛዝ እኮ ነው፤ ዶስ ቱ ዩኒክስ ብለህ ትገላገላለህ» የሚሉኝም አሉ። እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን እንጂ ምርመራውን አያወሩም። መድኃኒቱ እንደ አስፕሪን ርካሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን በሽታው አይታይማ! ኤክሴል ላይ አይታይም፣ ኖትፓድ ላይ አይታይም፣ ወረቀት ላይ ቢታተም አይታይም። ያ ልጅ ሁለቱን ስም ጎን ለጎን አድርጎ «አንድ ፊደል አይለይም» ሲል ልክ ነበር። ፊደል አይለይም። የሚለየው ፊደል ያልሆነው ነው። የማይታይ ነገር ላይ «ማወቅ ነበረብህ» ማለት ማንንም አያድንም፤ ያላወቀውን ማሸማቀቅ ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን ሰዎች ነን። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለዓመታት የተጻፉ ፋይሎች በየፎንቱ ሕግ የተቀመጡ ናቸው። ቤት ውስጥ የአባታችሁን የድሮ ፍሎፒ ወይም ሲዲ ከፍታችሁ በአማርኛ ፋንታ የፈረንጅ ፊደል ገለባ የገጠማችሁ ስንት ናችሁ? ያም «ያው ቴክስት» ነበር። የጻፈው ሰው ስክሪን ላይ አማርኛ አይቶ ነው ያስቀመጠው። ውሉ ፎንቱ ውስጥ ነበር፤ ፎንቱ ሲጠፋ ውሉም ጠፋ።

አሁንም አላለቀም። የድሮውን አጻጻፍ ተከትላችሁ በሁለት ነጥብ ቃል የለያችሁበትን ጽሑፍ ቃል ለሚቆጥረው መሣሪያ ስጡት። ስሙ ዩኒኮድ ውስጥ «የቃል ክፍተት» የሆነው ምልክት፣ በዩኒኮድ ምደባ ግን ክፍተት ሳይሆን ሥርዓተ ነጥብ ነው። ባዶ ቦታ ካላስገባችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ተብሎ ይቆጠራል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቁጥር ብቻ ይሰጣችኋል። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ የጻፈ ሰው በፀሐዩ ፀ ሲፈልጋት አያገኛትም። መሣሪያዎቹ የመጡት ከሌላ ቤት ነው፤ ቃል ምንድን ነው፣ መስመር ምንድን ነው፣ እኩል ማለት ምንድን ነው የሚለውን የቤታቸውን መልስ ተሸክመው ነው የመጡት። መጠቀም እንችላለን፣ እንጠቀምም። ግን መልሱን ሳንጠይቅ መቀበል ግዴታችን አይደለም።

*

ዱብሉቅ ያለውን ኤላ ሄጄ አይቻለሁ። ሰዎች ከጉድጓዱ ወለል እስከ ላይ በየደረጃው ይቆማሉ፤ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ይወጣል፣ ባዶው በሌላ ወገን ይወርዳል፣ በዜማ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዩኒክስ ላይ የገባውን ፓይፕ፣ የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የሚያቀብለውን፣ መምህራችን ሰሌዳ ላይ በቀስት ሲያስረዳን ይህን ኤላ አይቶ ቢሆን ኖሮ ቀስት አያስፈልገውም ነበር። ሐሳቡ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ሥራ ይሠራል፣ ያቀብላል።

ግን ኤላው ላይ ሌላም ነገር አለ። አባ ሄረጋ የሚባል ሰው አለ፤ ተራውን የሚጠብቅ፣ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚያውቅ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ የሚያቀብለውም የሚቀበለውም ያውቀዋል። የኛ ፓይፕ ላይ ይህ ሰው የለም። ልጁ ለፍላሹ አቀበለ፣ ፍላሹ ለኔ፣ እኔ ለግሬፕ፣ ግሬፕ ለኦክ፣ ኦክ ለአለቃዬ። ማንም ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቀም። በመጨረሻ ውኃ ሳይደርስ የቀረው ግን ከላይ ገንዳው ላይ የሚጠብቀው ነው።

እንግዲህ የልጁ ጥያቄ መልስ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ በፍጹም። ጥፋቱ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ድርሻ ባህሪያቸውን ለውጠው ዝም የሚሉ መሣሪያዎችን የሚያቀብሉን ሰዎች ነው። ሁለተኛው የሚያስተምሩን ሰዎች ነው፤ በተማርኩባቸው አራት ዓመታት ኮምፓይለር ተምሬአለሁ፣ ስለ መስመር መጨረሻ ግን አንዲት ቃል አልሰማሁም። አንድ የትምህርት ሰዓት ይበቃው ነበር። ትልቁ ድርሻ የኔ ነው። ማሽኑ አንድን ቀበሌ ሙሉ «የለም» ሲል ቀበሌውን ጠረጠርኩ፣ ማሽኑን አልጠረጠርኩም። ውጤቱ የማይታመን ሲሆን ሰውየውን ከማሰርህ በፊት ሚዛኑን ፈትሽ የሚለውን ማንኛውም ጤፍ ነጋዴ ያውቀዋል። እኔ ዲግሪ ይዤ አላወቅሁም።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ወይ ዳታ ትሠራላችሁ፣ ወይ አንድ ቀን ትሠራላችሁ። ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። ከሌላ ሰው የመጣ ፋይል ሥራ ውስጥ ከመግባቱ በፊት «ፋይል» የሚባለውን ትእዛዝ ስጡት፤ መስመሩ በምን እንደሚያልቅ በአንድ ሰከንድ ይነግራችኋል። ጊት የምትጠቀሙ ከሆነ የመስመሩን መጨረሻ በየሰው ላፕቶፕ ምርጫ ላይ አትተዉት፤ ዊንዶውስ ላይ ጊትን ስትጭኑ ስለዚህ ይጠይቃችኋል፣ ሁሉም ሰው ሳያነብ «ቀጥል» ይላል። በፕሮጀክቱ ውስጥ ጊት አትሪቢዩትስ የሚባለውን ፋይል አስቀምጡና ውሉን ጻፉት። ዝርዝር ለሰው ስትልኩ ከጎኑ ሁለት መስመር ማስታወሻ ላኩ፦ ኢንኮዲንጉ ይሄ ነው፣ መስመሩ በዚህ ያልቃል። መሣሪያ የምትሠሩ ደግሞ፣ ስትገምቱ ተናገሩ። ሁለት ፋይል አነጻጽራችሁ ምንም ያልተመሳሰለበት ቀን፣ ውጤቱን ከማተማችሁ በፊት ተርሚናሉ ላይ እንግዳ ሆኖ የታያችሁን ነገር ተመልሳችሁ እዩ። እኔ ቀኑን ሙሉ አይቼው ፎንት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ቀሪውን ልንገራችሁ። የዚያ ቀበሌ ሰዎች በሦስተኛው ቀን እህላቸውን ወሰዱ። ሁለት ቀን ነው የዘገዩት። አለቃዬ «ሁለት ቀን ምንም አይደለም፣ ተስተካክሏል» አለኝ። ሊሆን ይችላል፤ እሱ በመኪና ነው የሚመጣው። ልጁ የስርጭቱ ዕለት ዝርዝሩን በእጁ ይዞ ስም ሲጠራ አየሁት። በወረቀት ነበር፤ መጀመሪያ ከቀበሌው ይዞት የመጣውን፣ በእስክሪብቶ የተጻፈውን። ለምን በታተመው እንደማይጠራ ጠየቅሁት።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለኝ።